የስዊድንኛው «ሩሊግ» እና የአይስላንድኛው «ሮውሌጉር»

ጠያቂያችን፣ በስዊድንኛ ትምህርት «ሩሊግ» ማለት «የሚያዝናና፣ የሚያስቅ» ነው ተብለው ሳለ አይስላንዳዊው የሥራ ባልደረባዎ «ሮውሌጉር» በእነርሱ ዘንድ «የተረጋጋ፣ ጸጥ ያለ» ማለት ነው ስላሉዎት፣ ቃሉ አንድ ከሆነ ትክክለኛው ፍቺ የቱ እንደሆነ ጠይቀዋል። ቃሉ በእርግጥ አንድ ነው፤ ሁለቱም ፍቺዎች በየቋንቋቸው ትክክል ናቸው።

እኔ ልዩነቱን የተረዳሁት ጎተንበርግ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ስሠራ ነው። አይስላንዳዊት ባልደረባዬ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ሥራውን ስታስረክበኝ በስዊድንኛ «ሌሊቱ ሩሊግ ነበር» አለችኝ። አንዲት አዛውንት ከዋዜማው ጀምሮ በጠና ታመው ስለነበር፣ በዚህ ሌሊት ምን የሚያስቅ ነገር ተገኘ ብዬ አዘንሁባት። እርሷ ግን ልትነግረኝ የፈለገችው ሴትዮዋ ሳይሠቃዩ በሰላም ተኝተው ማደራቸውን ነበር።

የሁለቱ ቃላት ሥር በጥንታዊው የኖርዲክ ቋንቋ «ሮ» የሚለው ስም ነው፤ ዕረፍት፣ እርጋታ ማለት ሲሆን የጀርመንኛው «ሩኧ»ም ዘመዱ ነው። አይስላንድ በ9ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም በአብዛኛው ከኖርዌይ በመጡ ሰዎች የተሰፈረች ደሴት ስትሆን ቋንቋዋ ብዙ ጥንታዊ ነገር ይዞ ቆይቷል፤ ይህንንም ፍቺ አልለቀቀም። ዴንማርክኛና ኖርዌይኛም ቢሆኑ «የተረጋጋ» ይሉበታል። ከመንገዱ የወጣው ስዊድንኛ ብቻ ነው፤ በእርሱ ዘንድ ዕረፍት የሚሰጠው ነገር ቀስ በቀስ ደስ የሚያሰኝ፣ ከዚያም የሚያዝናና ወደ ማለት ተሻገረ። ይህ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ «ዘና ማለት» አካልንና መንፈስን ማሳረፍ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያው ሥር የወጣው «መዝናኛ» ዛሬ ጭፈራውንም ቀልዱንም ይጨምራል።

በተለይ በእንክብካቤ ሥራ ላይ ላሉ ወገኖች አጥብቄ የማሳስበው ስለ ተቃራኒው ነው። «ኡሩሊግ» በስዊድንኛ የጥንቱን ፍቺ ስለጠበቀ «የማያስቅ» ማለት ሳይሆን «የተጨነቀ፣ ዕረፍት ያጣ» ማለት ነው፤ በአይስላንድኛም «ኦውሮውሌጉር» እንዲሁ ነው። ስለዚህ የተጨነቀ ሕመምተኛ ሲረጋጋ በመዝገብ ላይ «ሩሊግ» ብላችሁ ብትጽፉ አንባቢው «ተጫዋች ነው» ብሎ ይረዳዋል። የሚጻፈው «ሉንግን» ነው። ይህም ቃል ቢሆን በአይስላንድኛ «ሎግን» የሚባል ዘመድ አለው፤ እዚያ ግን የሚነገረው ስለ ሰው ጠባይ ሳይሆን ነፋስ ስለሌለበት አየር ነው፣ ነፋስ በሚበዛበት በዚያ አገር ይህ ራሱን የቻለ ስም ማግኘቱ ተገቢ ይመስለኛል። ስዊድናውያን «ኢ ሉንግን ኦክ ሩ» ሲሉ ከሰሙ ደግሞ «ያለ ሁካታ፣ ተረጋግቶ» ማለታቸው ነው፤ የባልደረባዎ «ሮ» በስዊድንኛም እንደ ጥንቱ ሆኖ በዚህ አነጋገር ውስጥ ይገኛል።