«ምነው በወሰደኝ» ሲሉ

ካናዳ ውስጥ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ ለምትሠሩ ወጣት ነርሶቻችን፦

ልጆቼ፣ አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ። ቶሮንቶ ውስጥ አንዲት ሀበሻ እናት ካንሰሩ አጥንታቸው ገብቶ ተኝተው ነበር። አስተርጓሚ ስላልነበረ ሐኪሟ እኔን ጠራችኝ። «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» አልኳቸው። «ምን አድራለሁ ልጄ፣ ምነው እመቤቴ በወሰደችኝ!» አሉ። እኔም ቸኩዬ «መሞት እፈልጋለሁ ይላሉ» ብዬ አረፍኩት። ተጻፈ። ከሰዓት በኋላ ስለ ሐኪም አገዝ ሞት፣ ማለትም ታማሚው ራሱ ጠይቆ በባለሙያ እርዳታ ሕይወቱ ስለሚያልፍበት መንገድ፣ ሊያነጋግራቸው ሰው ሲመጣ ነው የደነገጥኩት።

ይህን የሚፈቅደው የካናዳ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በ2021 ሞቱ ላልተቃረበ ሕመምተኛም ተፈቀደ፤ ሞቱ ለተቃረበው ደግሞ የ10 ቀኑ መጠበቂያ ተነሣ። በአንድ ቃል የሚሞት ሰው የለም፤ ጥያቄው በጽሑፍ ይቀርባል፣ ምስክር ይፈርማል፣ ሁለት ባለሙያዎች ለየብቻቸው ያዩታል፣ ሞቱ ላልተቃረበው ምዘናው በአብዛኛው ከ90 ቀን አያንስም። እኔን የሚያሳስበኝ ከወረቀቱ በፊት ያለው ነው። የእኛ ሰው ጉልበቱን ሲቆረጥመውም «በገላገለኝ» ይላል። ይህን ለፈረንጅ ሐኪም ስታስተላልፉ የአነጋገር ልማድ መሆኑንም አብራችሁ ንገሩ፤ መልሳችሁም ጠይቁ። ከተቻለማ የሠለጠነ አስተርጓሚ ይጠራ በሉ፤ የታማሚው ልጅ እንዳይሆን።

ያን ዕለት ማታ ወንበር ስቤ ከእኚያ እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይተው፣ «ወልጄ ያጠብኩት ልጅ ገላዬን ያጥበኛል» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። ሕመሙስ ነበረ፤ የሰበራቸው ግን እፍረቱ ነው። ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ በሚሠራባት የአሜሪካዋ ኦሬገን ግዛት ሐኪሞች በሚያቀርቡት ሪፖርትም ከሕመም ይልቅ ራስን መቻል ማጣት ነው ቀድሞ የሚመጣው። ከማግስቱ ጀምሮ ሴት ረዳት አጠበቻቸው። «በወሰደችኝ» ማለቱን ግን አልተዉም፤ ቡናው ሲቀዘቅዝባቸውም ይሉት ነበር።

ሁሉም እንዲህ አይፈታም። አስተማሪ የነበሩ አንዲት ካናዳዊት ሳንባቸው ደርቆ፣ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጭ ስል ሆኖ፣ ሐኪም አገዝ ሞት ጠየቁ። እኔም ደጋግሜ ጠየቅኳቸው፤ የተደበቀ እፍረት አላገኘሁም፣ የሚጫናቸው ዘመድም አልነበረም። ሕጉ ማንንም ባለሙያ አድርግ ብሎ አያስገድድም። ታካሚን ጥሎ መሄድ ግን የለም፤ ኦንታሪዮ ውስጥ ፈቃደኛ ያልሆነ ሐኪም ወደ ሌላ መምራት አለበት፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2019 ይህንኑ አጽንቷል። እኔ እምነቴ ስለማይፈቅድልኝ ለአለቃዬ አስቀድሜ ተናገርኩ፤ ባልደረባዬ ተተካች።

በዕለቱ ጠዋት ሴትየዋ ፀጉሬን አበጥሪልኝ ብለው ላኩብኝ። ሄጄ አበጠርኩላቸው። ይህስ መተባበር ነው ወይ ብዬ የንስሐ አባቴን ጠይቄአለሁ፤ የመለሱልኝን ለራሴ ላስቀር።