ሆድ ይፍጀው አትበሉ

ልጆቼ፣

የአእምሮ ጤና ነርስ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የምኖረው ከተማው ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቱን በድንገት ያጣ የሕንፃችን ልጅ ሰሞኑን፣ "ሲስተር፣ ሰው ከመከራ በኋላ ይጠነክራል ይላሉ። እኔ ለምን እንደዛው ነኝ?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ከልቤ አልወጣም።

ሪቻርድ ቴዴስኪ እና ሎውረንስ ካልሁን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1996 ከመከራ በኋላ ሰው ላይ ለሚታይ እንዲህ ያለ በጎ ለውጥ 21 ጥያቄ ያለው መለኪያ አሳትመዋል። ሰው የሚለወጠው ከጉዳቱ በኋላ በሚያደርገው ትግል ነው ይላሉ እንጂ ጉዳቱን ራሱን አያወድሱም። ሕመሙም ከለውጡ ጋር አብሮ ሊኖር ይችላል።

ከጥያቄዎቹ አንዳንዶቹ ስለ ራስ ጥንካሬ ናቸው። እዚህ ላይ ባህላችን ይገባል። በመጋቢት 2009 የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰው ሲያልቅ ለቅሶ የደረስኳት አንዲት እናት አለች። ዛሬ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ንፍሮ ትቀቅላለች፣ አልቃሿን አቅፋ ታድራለች። "ጠንክረሻል" ብትሏት ግን ትቆጣለች። "እግዚአብሔር ነው፣ ጎረቤት ነው" ትላለች። እኛ ዘንድ ስለ ራስ እንዲህ ማውራት ነውር ነው። ስለ ራስ ጥንካሬ በሚጠይቁት ጥያቄዎች ብትጠየቅ ምናልባት አልጠነከረችም ይባል ነበር። ስለዚህ ለውጣችሁን "እኔ" ውስጥ ስትፈልጉ አጥታችሁት ከሆነ፣ ከሰው ጋር ስትሆኑ እዩት።

ባህላችን የሚጎዳን ቦታም አለ። "ወንድ ልጅ አያለቅስም"፣ "ሆድ ይፍጀው"። ሆድ ግን አይፈጀውም፤ ስንቱን ታካሚ እንቅልፍ ነስቶት አይቻለሁ። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ መሞት ካሰኛችሁ፣ ዛሬውኑ ለሰው ተናገሩ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጠበልም ከሄዳችሁ መልካም፣ የተሰጣችሁን መድኃኒት ግን አታቋርጡ።

ኮንዶሚኒየም ስንገባ የድሮው እድራችን ሩቅ ቀረ። አዲሱን ደግሞ ወጣቶች የሽማግሌ ነገር አድርጋችሁታል። እባካችሁ ተመዝገቡ። ድንኳን ስትተክሉ፣ ወንበር ስትሸከሙ የራሳችሁም ሐዘን ሰው ያገኛል።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው ቤቱ ጭር የሚለው። ያኔ ወደ ጓደኛችሁ ሂዱ። "በርታ" አትበሉት። እናቱ ምን ትወድ እንደነበር ጠይቁትና ቁጭ ብላችሁ አድምጡት።