ኢሜጁ ገብቷል፣ ራውተሩ ግን አይነሳም

ጥያቄ፦ ለኔትወርክ ልምምድ ኢቪኢ-ኤንጂን (የኔትወርክ መሣሪያዎችን በሶፍትዌር የሚያሠራ የልምምድ ላብራቶሪ) በቪኤምዌር ወርክስቴሽን (በኮምፒውተር ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን በሚፈጥር ፕሮግራም) ላይ ጭኛለሁ። ሲኤችአር የተባለውን የሚክሮቲክ ቨርቹዋል ራውተር ኢሜጅ (የተዘጋጀ የዲስክ ፋይል) አውርጄ ወደ ሰርቨሩ ብልከውም፣ በመሣሪያዎቹ ዝርዝር ላይ ስሙ ደብዝዞ ስለሚታይ መምረጥ አልቻልኩም ነበር። የፎልደሩን ስም ቀያይሬ በስተመጨረሻ ቶፖሎጂው (የኔትወርኩ ንድፍ) ላይ ባስቀምጠውም፣ ሳስነሳው ወዲያው መልሶ ይጠፋል። ሌላ ኢሜጅ ላውርድ ወይስ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው?

መልስ፦ ሌላ ኢሜጅ ለማውረድ አይቸኩሉ፤ የገጠሙዎት ሁለት ችግሮች ምንጫቸው የተለያየ ነው።

ስሙ ደብዝዞ የታየው ኢቪኢ-ኤንጂ ኢሜጅን የሚያውቀው በይዘቱ ሳይሆን በፎልደሩ ስም ስለሆነ ነው። ፎልደሩ በአዶንስ (addons) ሥር ባለው የኪውኢሙ (qemu፣ ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ማውጫ ውስጥ ሆኖ፣ ስሙ በትናንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ሚክሮቲክ (mikrotik) ብሎ መጀመር፣ ቀጥሎም ሰረዝና የስሪቱ ቁጥር ሊከተሉት ይገባል። ሊኑክስ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ስለሚለይ አንድ ትልቅ ፊደል ብቻ ሥራውን ያበላሻል። በውስጡ ያለው የዲስክ ፋይል ደግሞ ኤችዲኤ ተብሎ፣ በኪውካው2 (የኪውኢሙ የዲስክ ቅርጸት) ቅጥያ መጠራት አለበት (hda.qcow2)። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ያወረዱት ፋይል ቪኤምዲኬ (የቪኤምዌር የዲስክ ቅርጸት) ከሆነ ቅጥያውን መለወጥ ቅርጸቱን አይለውጠውም። የኪውኢሙ የዲስክ መሣሪያ ኢንፎ በሚለው ትዕዛዝ የፋይሉን እውነተኛ ቅርጸት ያሳይዎታል፤ ካልተስማማም ኮንቨርት በሚለው ትዕዛዝ በትክክል ይለውጡት። ከዚያ በኋላ የፋይል ፈቃዶችን የሚያስተካክለውን የኢቪኢ-ኤንጂ ትዕዛዝ ማስኬድ አይዘንጉ።

ራውተሩ ተነስቶ ወዲያው መጥፋቱ ግን፣ የዲስኩ ቅርጸት ትክክል መሆኑን ካረጋገጡ፣ በአብዛኛው የሚያመለክተው ፕሮሰሰሩን ነው። የልምምድ ላብራቶሪው፣ ማለትም ኢቪኢ-ኤንጂ፣ ራሱ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ስለሚሠራ፣ ራውተሩ በማሽን ውስጥ ያለ ሌላ ማሽን ይሆናል፤ ይህም የሚቻለው ቪኤምዌር የፕሮሰሰሩን የቨርቹዋላይዜሽን አቅም ወደ ውስጥ ሲያሳልፍ ብቻ ነው። ማሽኑን አጥፍተው በፕሮሰሰር ቅንብሩ ውስጥ የኢንቴል ቪቲ-ኤክስ ወይም የኤኤምዲ-ቪ ምርጫ ላይ ምልክት ያድርጉ። አስተናጋጁ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ከሆነና ሃይፐር-ቪ (የዊንዶውስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት) ከበራ፣ አቅሙን አስቀድሞ ስለሚይዘው ምልክቱን ቢያደርጉም ላይሠራ ይችላል። ለማረጋገጥ በሰርቨሩ ላይ የሲፒዩ መረጃ ፋይሉን ከፍተው በኢንቴል ቪኤምኤክስ፣ በኤኤምዲ ኤስቪኤም የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ ከሌለ ማንኛውንም ኢሜጅ ቢያመጡ ለውጥ አይኖርም።

ከተነሳልዎ በኋላ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ኖድ (በቶፖሎጂው ላይ ያለ መሣሪያ) የራሱን ለውጥ የሚጽፈው በዋናው ዲስክ ላይ ሳይሆን በላዩ በሚፈጠር ስስ ፋይል ላይ ነው፤ ስለዚህ አሥር ራውተሮች አንድ ኢሜጅ ሊጋሩ ይችላሉ። ይህ ቦታ ይቆጥባል፣ ነገር ግን ኖዶቹ ሥራ ይዘው ሳለ ዋናውን ፋይል በአዲስ ስሪት ከተኩት ያስቀመጡት ኮንፊገሬሽን ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። አዲሱን ስሪት በሌላ ፎልደር ያስቀምጡት።

በመጨረሻም፣ ነፃው የሲኤችአር ፈቃድ በእያንዳንዱ ኢንተርፌስ የሚወጣውን ፍሰት በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ላይ ይገድባል። ለራውቲንግ ልምምድ ይህ ምንም አይደለም፤ ፍጥነት ሲለኩ ግን ላብራቶሪውን አይውቀሱ።