«ምነው ካርዱ ቀረ?»

ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴትና መምህርት ነኝ። አምድዎን ለዓመታት ሳነብ ቆይቻለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የምጽፍልዎት ስለ አንዲት ጓደኛዬ ነው። ለሰባት ዓመታት በአንድ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል፤ እሷ ሒሳብ፣ እኔ ቋንቋ። በመምህራን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ሉፐስ የሚባል ሕመም እንዳለባት ታወቀ። ያኔ አብዛኞቻችን ስሙን እንኳ ሰምተነው አናውቅም ነበር። አንድ ሰሞን ደህና ትሆንና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ከዚያ ያገረሽባታል። መገጣጠሚያዎቿ ያብጣሉ፣ ፀሐይ ላይ መቆም አትችልም፣ ድካሙ ከአልጋ አያስነሣትም።

ስልክ ማናገር እንደሚያደክማት ስለገባኝ ካርድ መላክ ጀመርሁ፤ በእጄ ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ። አምስት ላክሁላት። ለአንዱም መልስ አልመጣም። እሱን እንኳ ችዬው ነበር። በአምስተኛው ካርድ ላይ ግን «ቶሎ ተሽሎሽ ወደ ክፍልሽ ተመለሺ፤ ሁላችንም እየጠበቅንሽ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ካርዱ ይደርሳታል ብዬ ባሰብሁበት ሳምንት በሕመሟ ምክንያት ሥራዋን ጨርሳ መልቀቋን ሰማሁ። የጻፍሁትን እያሰብሁ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ከዚያ በኋላ መጻፍ አቃተኝ። ባዶ ካርድ ፊቴ አስቀምጬ «ውድ» ከሚለው ቃል ሳላልፍ አመሻለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ወር ሆነ። እሷ ግን ከትምህርት ቤቱ አልወጣችም ማለት ይቻላል። ተማሪዎቿ አሁንም ሒሳብ ሠርተው ሲጨርሱ መልሱ ሥር ሁለት ጊዜ ያሰምራሉ፤ እሷ ያስለመደቻቸው ነው። ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቷን መንገድ ላይ አገኘኋት። ስለ ጓደኛዬ ስጠይቃት «እንዳለች ናት» አለችኝ። ልንለያይ ስንል ዞር አለችና «ምነው ካርዱ ቀረ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አለፍሁ። ዋሽቻለሁ።

አሁን ዓይኔን በጨው ታጥቤ እንደገና ልጻፍላት? ሁሉም በስልክ መልእክት በሚጨዋወትበት ዘመን ካርድ መላክስ የልጅ ነገር አይመስልም? ብጽፍስ፣ «ተሻለሽ?» ካላልሁ ምን እላታለሁ?

ቃል ያጠረኝ


መልስ

እህቴ፣ በዕድሜ ከልጄ ብዙም ስለማትበልጪ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብሁት የእህቷን ጥያቄ ነው። ሰው «ቀረ» የሚለው ሲጠብቀው የነበረውን ነገር ነው። አምስቱ ካርዶች መልስ ባያመጡልሽም በዚያ ቤት ውስጥ ቦታ ይዘው ነበር፤ መምጣታቸውም መቅረታቸውም ተቆጥሯል። ስለዚህ ልጻፍላት ወይ ላልሽው መልሴ አዎ፣ ጻፊላት ነው። የሚያነጋግረን እንዴት የሚለው ነው።

ታላቅ ወንድሜ ኩላሊት እስኪተካለት ድረስ ለስድስት ዓመታት የኩላሊት እጥበት ያደርግ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ደሙ በማሽን ተጣርቶ ወደ ሰውነቱ ይመለሳል። መርፌው የገባበት ክንድ መንቀሳቀስ ስለሌለበት በእነዚያ ሰዓታት የሚያዘው አንድ እጁን ብቻ ነበር። እንደታመመ ሰሞን ስልኩም ጠያቂውም ጎረፈለት። በሁለተኛው ዓመት ጸጥ አለ። በክፋት አልነበረም። ሰው ድንገተኛ ነገር ሲሰማ ይሮጣል፤ ያ ድንገተኛ ነገር የዘወትር ኑሮ ሲሆን ግን ምን እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባው ብቻ በየሁለት ወሩ ገደማ መጻፉን አላቋረጠም።

ወንድሜ ያንን ፖስታ እቤቱ ሆኖ አይከፍተውም፤ ለእጥበት ቀን ያቆየዋል። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ፖስታውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ጠርዙን በአንድ እጁ ሊቀድ ይታገላል። ልክፈትልህ ስለው ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ከታገለ በኋላ ተቀደደለት፤ የካርዱም ጥግ አብሮ ተቀደደ። ይህንን ለባልደረባው ነገርሁት። ከዚያ ወዲህ የመጡት ፖስታዎች አንዱም አልተጣበቀም፤ ክዳናቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብቻ ይመጣ ነበር።

የሚጽፈውም አምስት ስድስት መስመር ነበር። በአንዱ ላይ መስኮቱ ጥግ ሁለት እርግቦች ጎጆ መሥራት እንደጀመሩ ነገረው፤ አንደኛዋ የምታመጣውን ጭራሮ ሌላኛዋ ታወርደዋለች፤ እስካሁን የተረፈው ሦስት ነው። በሚቀጥለው ካርድ ጭራሮው አሥራ አንድ ደርሶ ነበር። ወንድሜ ማሽኑ ላይ ተኝቶ «አሁን ስንት ደርሶ ይሆን?» ሲለኝ አስታውሳለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ኩላሊቱ ያልሆነ የሚያስበው ነገር አገኘ። ካርዱ ምንም አልጠየቀውም፤ ሰጠው እንጂ።

«ተሻለሽ?» ካላልሁ ምን እላለሁ ያልሽው ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ለታመመ ሰው በአፋችን ቀድሞ የሚመጣው ይህ ጥያቄ ነው። ለጉንፋን ወይም ለተሰበረ እግር ደግ ጥያቄ ነው፤ መልስ አለውና። ሉፐስ ግን የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ከታማሚዎቹ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው። መድኃኒት ጋብ ያደርገዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። እንዲህ ያለችውን ሴት «ተሻለሽ?» ስንላት ወይ «ተመስገን» ብላ የሌለውን ትነግረናለች፣ ወይ «አልተሻለኝም» ብላ እኛን የማጽናናት ሥራ ይጨመርባታል። ይህንን በየጠያቂው፣ በየሳምንቱ፣ ለሦስት ዓመት አስቢው። ያ መልስ ያልመጣለት ካርድ ሁሉ ምናልባት እዚህ ላይ ቆሞ ይሆናል፤ የምትጽፈው መልካም ዜና አልነበራትም።

«ቶሎ ተሽሎሽ ተመለሺ» ያልሽውም የማታከብረውን ቀጠሮ ሰጣት። በፍቅር እንደጻፍሽው አልጠራጠርም፤ እሷም የምታውቅ ይመስለኛል። ሁለተኛ ግን አትጻፊው። በቋንቋችን ከዚያ የሚበልጥ ቃል አለን፤ «ይማርሽ»። ምርቃት ነው፤ ቀን አይቆርጥም፣ ሰውየዋን አይቆጣጠርም፣ መልሱም ብዙ ከተባለ አሜን ነው። ለዕድሜ ልክ ሕመም የተሠራ ቃል ይመስለኛል።

«ጀግና ነሽ፣ አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ» የሚለውንም ብትተዪው እመርጣለሁ። ስታለቅስ የዋለች ሴት ይህንን ስታነብ ያሳፈረችሽ ሊመስላት ይችላል። «እከሌ ይህንን ወስዶ ዳነ» የሚለውን ደግሞ በጭራሽ እንዳትጽፊ። ሐኪም አላት፤ ይህንን ያላላትም ሰው የለም።

መልስ ሳይመጣ መጻፍ ምን ይፈይዳል የሚል ስጋት በደብዳቤሽ ውስጥ ስላየሁ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጄሮም ሞቶ የሚባሉ የሳን ፍራንሲስኮ የአእምሮ ሐኪም በከባድ ድብርት ወይም ራስን በማጥፋት ሐሳብ ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ በኋላ ሕክምናውን ለመከታተል ፈቃደኛ ያልሆኑ 843 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ወገን አጭር ደብዳቤ ይላካል፤ ለሌላኛው አይላክም። ደብዳቤው ሕክምና ጀምር አይልም፣ ቅጽ ሙላ አይልም። አልረሳንህም፣ ደህና ሁንልን ነው ነገሩ። በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት በየወሩ፣ በቀጣዮቹ ስምንት ወራት በየሁለት ወሩ፣ ከዚያ ለአራት ዓመታት በየሦስት ወሩ፤ በአምስት ዓመት በድምሩ 24 ደብዳቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደብዳቤ ይደርሳቸው ከነበሩት መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ካልደረሳቸው ያነሱ ነበሩ።

የጓደኛሽ ሕመም ከዚያ የተለየ ነው፤ ካርድ መድኃኒት ነው እያልሁሽም አይደለም። ልቤን የነካው የደብዳቤዎቹ ጠባይ ነው፤ ምንም አይጠይቁም፣ ደግሞም አይቋረጡም። 24 ካርድ በአምስት ዓመት ውስጥ ሥራ ያላትን መምህርት አያስቸግራትም። አምስቱን ጽፈሻል።

ስምንት ወር ዝም ብሎ መመለስ ነውር ሆኖብሻል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ5,900 በላይ ሰዎች በተሳተፉባቸው ተከታታይ ሙከራዎች ተመራማሪዎች ያገኙት የአንቺን ፍርሃት የሚያቀል ነው። ከተራራቁት ሰው ጋር ለመገናኘት ቀድመው ቃል የላኩ ሰዎች የተቀባዩን ደስታ አሳንሰው ይገምታሉ፤ መልእክቱ ያልተጠበቀ ሲሆን ደግሞ ተቀባዩ ይበልጥ ደስ ይለዋል። ስለዚህ ዓይንን በጨው መታጠብ አያስፈልግሽም። ይቅርታውን ግን በአንድ መስመር ጨርሺው። አንድ ገጽ ሙሉ ጸጸት ከጻፍሽላት አንቺን ማባበል የእሷ ሥራ ይሆናል፤ ጉልበቷን ለዚያ እንድታወጣው አልፈልግም።

ካርድ የልጅ ነገር አይደለም። ስልክ የሚጮኸው ደዋዩ በተመቸው ሰዓት ነው፤ የስልክ መልእክትም አንብባ ዝም ማለቷን ለላኪው ያሳብቅባታል። ካርድ ግን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እሷን ይጠብቃል። ራሷን በቻለችበት በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብታነሣው ማንም አያውቅባትም፤ ሁለት መስመር አንብባ ብታስቀምጠው ማንም አይቀየማትም። የሰው እጅ ጽሑፍም ይታወቃል። ለሰባት ዓመት አጠገቧ ተቀምጠሽ ስትጽፊ ያየችው ፊደል ነው፤ ፖስታው ላይ ስሟን ስታነብ ገና ሳትከፍተው ማን እንደመጣ ታውቃለች። ትምህርት ቤቱ አርባ ሰው ፈርሞበት የሚልከውም ካርድ ክፉ አይደለም፤ ይላክ። ግን «ሁላችንም» የሚል ካርድ ማንም ያልጻፈው ይመስላል፤ ያንቺን ቦታ አይተካም።

ስለ አጻጻፉ ጥቂት ብቻ። ፊደሉን ከለመድሽው ተለቅ፣ ቀለሙን ጠቆር አድርጊው፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ለደከመ ዓይን አይመችም። ሽቶ አትርጪበት፤ ሽታ የሚያሳምመው ሰው ብዙ ነው። ብዙ ደግሞ አትጻፊ። በየሳምንቱ እጽፋለሁ ብለሽ ቃል አትግቢ፤ ዝም ብለሽ ጻፊ። አንድ ቀን እሷ ራሷ ይብቃ ካለች ያን ጊዜ ታቆሚያለሽ።

ምን እንደምትጽፊማ ነግረሽኛል። ቃል አጠረኝ ባልሽበት ደብዳቤ ውስጥ ተማሪዎቿ መልሱ ሥር ሁለት ጊዜ እንደሚያሰምሩ ጽፈሽልኛል። እኔ ልጆቹንም እሷንም አላውቃቸውም፤ ሳነበው ግን እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ሥራዬ ከእጄ ወጣ ብላ በምትቀመጥ መምህርት እጅ ላይ ይህ ወሬ ቢገባ ምን እንደሚሆን አስቢው። ለእኔ የላክሽው የእሷ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚቀጥሉትንም ከዚሁ ሰፈር ልትቀጂ ትችያለሽ፤ አንድ ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያደረገው፣ በመስኮት የታየ ነገር፣ ወይም አንዲት የሒሳብ እንቆቅልሽ። እንቆቅልሹን ስትልኪ መልሱን በካርዱ ጀርባ ጻፊው፤ የቤት ሥራ እንዳይሆንባት።

መጀመሪያው ከከበደሽ እንዲህ በዪ፤

«ውድ ጓደኛዬ፣ ስምንት ወር ዝም አልሁ፤ ቃል አጥቼ ነው፣ ይቅር በዪኝ። ዛሬ ከፊት ወንበር ያለችው ልጅ ሒሳቧን ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ ነበር። መልሱን አገኘች፤ ማስመሪያዋን አነሣችና ሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረች። የመጀመሪያው ተንሻፎባት ነበር፤ ሁለተኛው ቀጥ አለላት። አንቺን አየሁሽ። መልስ እንድትጽፊልኝ አይደለም፤ ይህን እንድታውቂው ብዬ ነው። ይማርሽ።»

መገጣጠሚያዎቿ ያብጣሉ ብለሻልና ፖስታውን አታጣብቂው፤ ክዳኑን ወደ ውስጥ እጠፊው።