ጨለማው የጨረቃ ጉድጓድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ ፀሐይ የማያየው የጨረቃ ጉድጓድ ውስጥ መሣሪያ በኤሌክትሪክ ሊቃጠል ይችላል ሲባል ሰማሁ። ከየት መጥቶ? (ሞባይል ጠጋኝ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ከፀሐይ ነፋስ፤ ማለትም ከፀሐይ ከሚወጣ የኤሌክትሮንና የፕሮቶን ፍሰት። በሴኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚከንፈው ይህ ነፋስ እነዚህ ጉድጓዶች ባሉባቸው የጨረቃ ዋልታዎች ላይ መሬቱን ታክኮ ያልፋል። ኤሌክትሮን ከፕሮቶን 1,836 ጊዜ ገደማ ስለሚቀል ቀድሞ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ወለሉም ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ በስሌት እስከ መቶዎች ቮልት።

የባሰው ግን እዚያ የሚነዳ ተሽከርካሪ ጎማ ነው። ከደረቅ አቧራ ጋር ሲፋተግ ቻርጅ ያጠራቅማል፤ ማራገፊያ የለውም። እርስዎ ፒያሳ ኧርዝ ሽቦዎን እርጥብ አፈር ውስጥ ይቀብራሉ፤ እዚያ አፈሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተሽከርካሪው ብረቶች በሙሉ እርስ በርስ በሽቦ መገናኘት አለባቸው። ሌላ መሣሪያ ከመሰካቱ በፊትም ቻርጁ በከፍተኛ ሬዚስተር በኩል ቀስ ብሎ ይለፍ፤ በአንዴ ከዘለለ ቺፑን ይበሳል። የእርስዎ አንቲስታቲክ የእጅ ማሰሪያም 1 ሜጋኦም ሬዚስተር አለው፤ እሱ ግን በዋናነት እርስዎን ከመብራት መስመር ኤሌክትሪክ ለመጠበቅ ነው።