ኢንፌክሽን ሳንባን ሲጎዳ የትኛው መድኃኒት ይሠራል? ጥያቄና መልስ

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ የምውለው አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነው። በከባድ ኢንፌክሽን ምክንያት ሳንባ ሲጎዳ ስለሚሰጡ መድኃኒቶች ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የደረሱኝን እነሆ እመልሳለሁ። አልጋ ላይ ላለ ታማሚ ከሩቅ ሆኜ መድኃኒት አላዝም፤ ያንን በዓይኑ ለሚያየው ሐኪም ተዉለት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባታችን በሽንት ኢንፌክሽን ሆስፒታል ገብተው በሦስተኛው ቀን ሳንባቸው ውሃ ቋጥሯል ተባልን። ሽንትና ሳንባን ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርላችሁ። ሰውነት ለኢንፌክሽኑ የሚሰጠው ምላሽ መስመር ስቶ የራሱን አካል መጉዳት ሲጀምር ሴፕሲስ እንለዋለን። ያኔ የትናንሾቹ የደም ሥሮች ግድግዳ ማፍሰስ ይጀምራል። የሳንባ የአየር ከረጢቶች ደግሞ ዙሪያቸውን በእነዚሁ ሥሮች የተከበቡ ስለሆኑ ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ ሰርጎ ይሞላቸዋል፤ ኦክስጅን ማለፊያ ያጣል። ስለዚህ በመርፌ የሚቀዳ ውሃ አይደለም፣ ከልብ ድካም የመጣም አይደለም። ኤአርዲኤስ የሚባለው ይህ ነው። በብዛት የሚነሳው ከሳንባ ምች ነው፤ ከሆድ፣ ከሽንት ቧንቧ ወይም ከቁስል የተነሳ ሴፕሲስም ያመጣዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የተጎዳውን ሳንባ የሚጠግነው መድኃኒት የቱ ነው? ውድ ቢሆንም እንፈልጋለን።

መልስ፦ የለም። ይህን ስናገር ቤተሰብ ፊቱ ይለዋወጣል፣ ግን ገንዘባችሁን ከምታባክኑ እውነቱን ብነግራችሁ ይሻላል። በሽታው በ1967 በ12 ታማሚዎች ላይ ከተገለጸ ወዲህ ያልተሞከረ ነገር የለም። የኮሌስትሮል መድኃኒቶቹ ሲምቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በ2014 በሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተፈትነው ወደቁ። የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞል በደም ሥር ሲሰጥ ፈሳሹን ያደርቃል ተብሎ ነበር፤ በ2012 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ግን መድኃኒቱን ያገኙት ይበልጥ ስለሞቱ (34 በመቶ፣ ካላገኙት 23 በመቶ) ሳይጠናቀቅ ቆመ። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የሚያድነው ሰርፋክታንት ለአዋቂ አልሠራም። በትንፋሽ የሚሰጠው ናይትሪክ ኦክሳይድ የኦክስጅኑን ቁጥር ለአንድ ሁለት ቀን ያሳምራል፣ ሞትን ግን አይቀንስም። ለከባድ ሴፕሲስ በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ዚግሪስ እንኳ ከአሥር ዓመት በኋላ ጥቅም የለውም ተብሎ ከገበያ ወጥቷል።

ጥያቄ፦ ቫይታሚን ሲ በግሉኮስ?

መልስ፦ አይሆንም። በ2022 በሴፕሲስ ታማሚዎች ላይ የወጣው ትልቅ ጥናት በከፍተኛ መጠን የወሰዱት ይበልጥ እንደተጎዱ ነው ያሳየው።

ጥያቄ፦ ኢንተርን ነኝ። ዴክሳሜታሶን አንዱ ሲኒየር ያዛል፣ ሌላው ይሰርዛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ዴክሳሜታሶን ስቴሮይድ ነው፣ የሰውነትን የብግነት ምላሽ ያበርዳል፤ ሁለቱም ጥናት ጠቅሰው ሊከራከሩህ ይችላሉ። በ2006 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ሌላውን ስቴሮይድ ሜቲልፕሬድኒሶሎንን ዘግይቶ ሰጠ፤ ሕመሙ ከጀመረ ከ14 ቀን በኋላ በተጀመረላቸው ላይ ሞት ጨመረ። ብዙዎቻችን ስቴሮይድን የፈራነው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2020 የስፔን ሐኪሞች ዴክሳሜታሶንን በጊዜ ጀመሩ፦ 20 ሚሊግራም ለ5 ቀን፣ ከዚያ 10 ሚሊግራም ለ5 ቀን። በ277 ታማሚዎች ላይ የ60 ቀን ሞት ከ36 ወደ 21 በመቶ ወረደ። በዚያው ዓመት በኮቪድ ላይ በእንግሊዝ የተካሄደው ትልቁ ጥናት በቀን 6 ሚሊግራም ብቻ ሰጥቶ የመተንፈሻ ማሽን ላይ ያሉትን ሞት ከ41 ወደ 29 በመቶ አወረደ፤ ኦክስጅን ያላስፈለጋቸውን ግን አልጠቀመም። የ2024ቱ የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞች መመሪያም ለኤአርዲኤስ ስቴሮይድ እንዲሰጥ ይመክራል። የኔ ፍርድ፦ ከባድ ከሆነና ገና በመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከሆንክ ስጥ፤ ሁለት ሳምንት ካለፈው አዲስ አትጀምር።

ከመስጠትህ በፊት ግን ሦስት ነገር። ስኳሩን ተከታተል። ሳንባ ነቀርሳ አለመሆኑን አስብበት፤ እኛ አገር ኤክስሬይ ላይ ያለ ነጭ ነገር ሁሉ ኤአርዲኤስ አይደለም። ሦስተኛው ስትሮንጂሎይደስ ነው። ይህ ትል ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ አንጀት ውስጥ ይኖርና ስቴሮይድ ሲገባ ተባዝቶ ሳንባ ድረስ ይወጣል፤ የአንጀት ባክቴሪያም ይዞ ደም ውስጥ ይገባል። አንድ የሰገራ ምርመራ ንጹሕ ነው ቢልህ አትመነው፣ በቀላሉ ያመልጣል። በባዶ እግሩ አፈር የሚረግጥ ገበሬ ከሆነ የትል መድኃኒቱን አይቨርሜክቲን መስጠትን ከሲኒየርህ ጋር ተማከርበት።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ጠዋት ፈሳሽ ስጪ ይሉኛል፣ ማታ ላሲክስ። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም በየጊዜያቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ግፊት ወድቆ ሾክ ላይ እያለ ላሲክስ (ፈሳሽን በሽንት የሚያስወጣው መድኃኒት) አይነካም። ግፊቱ ያለ ኖርአድሬናሊን (ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት) መቆም ከቻለ በኋላ ግን ሳንባውን ማድረቅ ይጠቅማል፤ በ2006 በወጣ ሌላ ጥናት ፈሳሽ የተቆጠበላቸው ቶሎ ከማሽን ወጥተዋል። በዚያ ጥናት ላሲክስ የሚጀመረው የመጨረሻው የግፊት መድኃኒት ወይም የመጨረሻው የፈሳሽ ቦለስ (በአንዴ በፍጥነት የሚሰጥ ፈሳሽ) ካለፈ ከ12 ሰዓት በኋላ ነበር።

ፈሳሹን በተመለከተ ቀድሞ ብዙ ስጡ ከሚል የውጭ መመሪያ ይልቅ ዛምቢያን አስታውሺ። ሉሳካ ውስጥ በተሠራውና በ2017 በወጣው ጥናት፣ በፕሮቶኮል ብዙ ፈሳሽ ካገኙት የሴፕሲስ ታማሚዎች 48 በመቶ ሞቱ፤ እንደወትሮው ከታከሙት 33 በመቶ። ማሽን እንደልብ በማይገኝበት ቤት ሳንባ በፈሳሽ ከሞላ መመለሻ የለውም። ከእያንዳንዱ የፈሳሽ ከረጢት በኋላ ትንፋሹን ቁጠሪ፣ ሳንባውን በስቴቶስኮፕ አዳምጪ፣ ኦክስጅኑ ከወረደ አቁመሽ ሐኪም ጥሪ።

ጥያቄ፦ የሜሮፔነም ማዘዣ ተሰጥቶን ስንት ፋርማሲ ዞረን አጣን። እስከ ነገ ብንጠብቅ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አትጠብቁ። አሁኑኑ ተመልሳችሁ ለሐኪሙ "አላገኘንም፣ በእጃችሁ ባለው ጀምሩለት" በሉት። የማይዘገየው መድኃኒት አንቲባዮቲክ ነው፤ ሾክ ካለ በአንድ ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። የደም ካልቸር (ተሕዋስያኑን የሚለይ የደም ምርመራ) ቀድሞ ቢወሰድ ጥሩ ነው፣ እሱ እየተጠበቀ ግን መድኃኒቱ አይቆይም። መግል ካለም ካልተቀዳ የትኛውም አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃውም።

ጥያቄ፦ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ማሽን ላይ ነው። ምን ልላክለት?

መልስ፦ የምትልኪው መድኃኒት የለም። ይልቅ በስልክ ሁለት ነገር በትሕትና ጠይቂያቸው፦ ቁመቱ ተለክቷል? በሆዱ ተኝቷል? ማሽኑ የሚነፋው አየር የሚሰላው በሚዛን ሳይሆን በቁመት ነው። 170 ሴንቲሜትር የሆነ ወንድ የሚሰላለት እንደ 66 ኪሎ ነው፤ በኪሎ 6 ሚሊሊትር ሲባዛ 400 ገደማ ይመጣል። ያው ሰው ወፍሮ 90 ኪሎ ቢመዝንና በሚዛኑ ቢሰላለት 540 ይሆናል፤ የተጎዳ ሳንባን ይቀድደዋል። በ2000 የወጣው ጥናት በኪሎ 12 የነበረውን ወደ 6 በማውረድ ብቻ ሞትን ከ40 ወደ 31 በመቶ አውርዷል። በከባዱ ኤአርዲኤስ በሆድ ማስተኛት፣ ቢያንስ በቀን 16 ሰዓት፣ በ2013 በወጣ ጥናት የ28 ቀን ሞትን ከ33 ወደ 16 በመቶ ቀንሷል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሜትርና የአራት አምስት ሰው ጉልበት ነው።

ጥያቄ፦ ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒትስ?

መልስ፦ በ2010 ይጠቅማል ተባለ፣ በ2019 ከ1000 በላይ ታማሚ ላይ ሲፈተሽ ልዩነት አልታየም። ታማሚው ከማሽኑ ጋር ሲታገል ለአጭር ጊዜ እንጠቀምበታለን፤ ለሁሉም አይደለም።

ጥያቄ፦ ከማሽን ወጥቶ ወደ ዋርድ ከተዛወረ ዴክሳሜታሶኑ ቤት ድረስ ይቀጥላል?

መልስ፦ በጥናቶቹ ከ10 ቀን አላለፈም፤ የስፔኑ እንዲያውም የመተንፈሻው ቱቦ ቀድሞ ከወጣ ያኔውኑ ነው የቆመው። ሲወጣ የሚሰጣችሁ የመድኃኒት ዝርዝር ላይ ካለ እስከ መቼ እንደሆነ አጽፉ፤ አልቆባችሁ ከሆነ ደግሞ ከፋርማሲ በራሳችሁ እንዳትጨምሩ።