«ፋንደም» የሚለው ቃል፦ ጥያቄና መልስ

«ፋንደም» ስለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉምና አጠቃቀም የቀረቡልኝን ጥያቄዎች፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ እያደረግሁ ከዚህ በታች ለመመለስ እሞክራለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፋንደም ማለት «አድናቂዎች» ማለት ከሆነ አዲስ ቃል ለምን ያስፈልገናል?

መልስ፦ ሁለቱ አንድ አይደሉም። «አድናቂዎች» ስንል ሰዎቹን ብቻ እንጠራለን፤ «ፋንደም» ግን ከሰዎቹ በተጨማሪ በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት፣ አብረው የሚሠሩትን ሥራ፣ እርስ በርስ የሚግባቡበትን አነጋገርና ልማድ ሁሉ ያጠቃልላል። አንድ ሰው የሚወደውን ደራሲ መጻሕፍት በሙሉ ቤቱ ተቀምጦ ቢያነብ አድናቂ ነው፣ ፋንደም ውስጥ ግን አልገባም፤ ስለ ገጸ ባሕርያቱ ከሌሎች አንባቢዎች ጋር መጻጻፍና መከራከር፣ ሥዕል መሣል፣ የራሱን ቅጥያ ታሪክ ጽፎ ማስነበብ ሲጀምር ነው የፋንደም አባል የሚባለው። ስለዚህ አንድ ዘፋኝ ሚሊዮን አድማጭ እያለው ፋንደም ላይኖረው ይችላል፤ ጥቂት መቶ አንባቢ ያለው ልብ ወለድ ደግሞ ሞቅ ያለ ፋንደም ሊኖረው ይችላል።

ጥያቄ፦ የቃሉ ምንጭ ከየት ነው? «ደም» የሚለው ክፍልስ?

መልስ፦ «ፋን» የሚለው ቃል «ፋናቲክ» ከሚለው አጥሮ የመጣ እንደሆነ አብዛኞቹ መዝገበ ቃላት ይስማማሉ። የ«ፋናቲክ» ሥር የላቲኑ «ፋኑም» ሲሆን ትርጉሙ ቤተ መቅደስ ነው፤ ቃሉ መጀመሪያ የሚነገረውም የመቅደሱ መንፈስ ስላደረበት ሰው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ አሜሪካውያን ስለ ቤዝቦል ተመልካቾች ሲጽፉና ሲናገሩ አሳጥረው ይጠቀሙበት ጀመር። የቦክስ ወዳጆች በእንግሊዝ አገር «ፋንሲ» ይባሉ ስለነበር ምንጩ እርሱ ነው የሚሉም አሉ፤ የመጀመሪያው ግን ሚዛን ይደፋል። «ደም» ሁኔታን ወይም ግዛትን የሚያመለክት የእንግሊዝኛ ቅጥያ ነው፤ «ኪንግደም» እና «ፍሪደም» በሚሉት ቃላት ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ከአማርኛው ደም ጋር ዝምድና የለውም፣ ምንም እንኳ የአንዳንዱ ደጋፊ ነገር የደም ጉዳይ ቢመስልም። ሙሉው ቃል በኅትመት የታወቀው በ1903 በአሜሪካ ሲሆን የሚያወራውም ስለ ስፖርት ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከስፖርት ወጥቶ ወደ ፊልምና መጻሕፍት እንዴት ተሻገረ? ልጆቻችን ስለ ስፖርት ሲናገሩበት አልሰማሁም።

መልስ፦ ጥሩ ታዝበዋል፤ የቃሉ ዋናው ታሪክም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁጎ ገርንስባክ የተባለ አሳታሚ በ1926 ኒው ዮርክ ውስጥ የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት ሲጀምር የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነሙሉ አድራሻቸው ያትም ነበር። ይህ ትንሽ የሚመስል የአዘጋጅ ውሳኔ በየከተማው ተበታትነው የነበሩ አንባቢዎች አዘጋጁን ሳይጠብቁ በቀጥታ እንዲጻጻፉ አደረጋቸው። መጻጻፉ ክበባትን ወለደ፤ ክበባቱ ከ1930 ጀምሮ በእጅ የሚባዙ ትንንሽ መጽሔቶችን አወጡ፤ በ1939 ደግሞ 200 ያህል ሰዎች ኒው ዮርክ ውስጥ ተሰብስበው የመጀመሪያውን የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ አደረጉ። ለእነዚያ ትንንሽ መጽሔቶች «ፋንዚን» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሉዊስ ራስል ሾቭኔ የተባለ አባል ሲሆን ዓመቱ 1940 ነው። እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ሲጠሩ «ፋንደም» ይሉ ስለነበር ቃሉ ከጨዋታ ሜዳው ይልቅ የእነርሱ መለያ እየሆነ ሄደ።

ሁለተኛው ምዕራፍ በ1966 የተጀመረው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ስታር ትሬክ ነው። ድራማው ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ተመልካቾች ደብዳቤ አጎረፉ፤ ጣቢያውም በ1968 ድራማው እንደሚቀጥል በአየር ላይ እስከማስታወቅ ደረሰ። በዚህ ፋንደም ውስጥ ሴቶች ግንባር ቀደም ነበሩ፤ ዛሬ በኢንተርኔት የምናየው የአድናቂዎች ድርሰት ብዙው ልማድ ያኔ በእነርሱ እጅ የተቀረጸ ነው። በእኔ ግምት የቃሉን የዛሬ ትርጉም ያጸኑት ከማንም በላይ እነርሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ቃሉ ከመፈጠሩ በፊት ነገሩ አልነበረም ማለት ነው?

መልስ፦ ነበረ እንጂ። ገጣሚው ሃይንሪክ ሃይነ የፒያኖ ሊቁ ፍራንዝ ሊስት በአድማጮቹ ላይ ላስነሣው እብደት «ሊስቶማኒያ» የሚል ስም ያወጣለት በ1844 ነው። አርተር ኮናን ዶይል በ1893 ሼርሎክ ሆምስን በድርሰቱ ውስጥ ሲገድለው ብዙ አንባቢዎች በቁጣ የመጽሔት ደንበኝነታቸውን አቋረጡ፤ ደራሲውም በኋላ ገጸ ባሕርዩን ከሞት መልሶታል። የተመለሰበት ዓመት «ፋንደም» የሚለው ቃል የታተመበት 1903 መሆኑ ግን የአጋጣሚ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ በፋንደም ውስጥ «ካነን» የሚሉት ምንድን ነው?

መልስ፦ ደራሲው ራሱ የጻፈው፣ እንደ እውነተኛ ታሪክ የሚቆጠረው ክፍል ነው። ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በግእዝና በአማርኛ «ቀኖና» የምንለው ያው የግሪክ ቃል ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሮናልድ ኖክስ በ1911 ስለ ሼርሎክ ሆምስ ሲጽፍ የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቃውንትን የአመራመር ዘዴ እያስመሰለ ይቀልድ ነበር፤ ሥጋዊ ድርሰት «ቀኖና» እየተባለ መጠራቱ ከዚያ ቀልድ ጋር ይያያዛል። ደራሲው ሳይጽፈው አድናቂዎች በስምምነት የተቀበሉትን ነገር «ፋነን» ይሉታል።

ጥያቄ፦ «ፋንቤዝ» ስ?

መልስ፦ የንግድ ቃል ነው። ትኬት ወይም አልበም የሚገዛውን ሕዝብ ብዛት ይመለከታል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ያለው የአርሰናል ደጋፊ ፋንደም ይባላል? የኢትዮጵያ ቡናና የቅዱስ ጊዮርጊስስ?

መልስ፦ በትርጉሙ ከሄድን አዎን፤ ስታዲየም ውስጥ የሚዜመው ዜማ፣ መለያው፣ የፉክክሩ ተረብ ሁሉ የጋራ ሥራ ነው። ነገር ግን ለዚህ አማርኛው «ደጋፊ» እና «ቲፎዞ» አሉት። «ቲፎዞ» ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ ታይፈስ ከተባለው የትኩሳት በሽታ ስም ጋር የተያያዘ ነው፤ እንግሊዝኛው ፍቅሩን ከቤተ መቅደስ ሲያመጣው ጣልያንኛው ከበሽተኛ አልጋ ማምጣቱ ያስደንቀኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ዛሬ ስለ እግር ኳስ ሲሆን «ፋንደም» ማለትን ብዙም አያዘወትሩም፤ ስለዚህ «ቲፎዞ»ን አውርደን «ፋንደም»ን የምንሰቅልበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ፦ ልጄ የኮሪያው የሙዚቃ ቡድን የቢቲኤስ «አርሚ» ነኝ ትላለች፤ ቀኑን ሙሉ ስልኳ ላይ ናት። ልሥጋ?

መልስ፦ እህቴ፣ «አርሚ» ከ2013 ጀምሮ የዚያ ቡድን ፋንደም መጠሪያ ነው። በሰኔ 2020 ቡድኑና ድርጅቱ ለጥቁሮች መብት እንቅስቃሴ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሲለግሱ፣ አድናቂዎቹ በአንድ ቀን ገደማ ያንኑ ያህል አዋጥተዋል። በሌላ በኩል በትልልቅ ፋንደሞች ውስጥ ኮከባቸውን የነቀፈን ሰው በስድብ የሚያሳድዱ አይጠፉም። ስለ ሰዓቱ የእናትነት ውሳኔዎ እንዳለ ሆኖ፣ እዚያ ውስጥ ምን እንደምትሠራ ይጠይቋት፤ ግጥም የምትተረጉምና ሥዕል የምትሥል ልጅ አንድ ነገር ናት፣ የማታውቃቸውን ሰዎች ስትሳደብ የምትውል ደግሞ ሌላ።

ጥያቄ፦ አድናቂዎች በሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ የሚጽፉት ድርሰት ቁም ነገር ተብሎ ይቆጠራል?

መልስ፦ ጥራቱ እንደ ጸሐፊው ነው፤ አብዛኛው የጀማሪ ሥራ መሆኑንም መካድ አይቻልም። ቢሆንም አድናቂዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት፣ ለአንባቢ በ2009 የተከፈተው ትልቁ የድርሰት ማከማቻቸው በ2019 በሳይንስ ልብ ወለድ ዓለም የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። ሽልማቱ የተሰየመው ከላይ ባነሣሁት በገርንስባክ ስም ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ምን እንበለው?

መልስ፦ «የአድናቂዎች ማኅበር» የሚለው አይመቸኝም፤ ማኅበር ስንል ሊቀ መንበር፣ ገንዘብ ያዥና ማኅተም ያለው ነገር ይታሰበናል፤ ፋንደም ግን መዝገብም በር ጠባቂም የለውም። «ማኅበረ አድናቂያን» ደግሞ የጽዋ ማኅበር ያስመስለዋል። በጥቅሉ ስንናገር «የአድናቂዎች ዓለም» የሚለው ቅጥያውን ጭምር ስለሚያሳይ የተሻለ ይመስለኛል፤ አንድን የተወሰነ ስብስብ ስንጠራ ግን «ፋንደም» ብለን እንዳለ ብንወስደው ጉዳት የለውም።

ጥያቄ፦ «ፋንደም» ነው ወይስ «ፋንዶም» የሚጻፈው?

መልስ፦ በእንግሊዝኛው አነጋገር የመጨረሻው አናባቢ ደከም ያለ ስለሆነ «ፋንደም» ይቀርበዋል። ሲበዛ «ፋንደሞች»፣ ታውቆ ሲነገር «ፋንደሙ» ይባላል፤ «ፋንደም ነኝ» ማለት ግን ስሕተት ነው፣ ሰውዬው ፋን ነውና።